አሮጌ ሞተር ሳይክልን በእጅ ጥገና ማቆየት፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚጠይቅ ካለ ይላክልኝ ብዬ ነበር። ብዙ ደረሰኝ፤ አመሰግናለሁ። አብዛኛው ስለ ያማሃ ዲቲና ኤጂ 100 እንዲሁም ስለ ሱዙኪ ቲኤፍ ነው። ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚቃጠልባቸው) የሆኑት እነዚህ ሞተሮች ዛሬም በየገጠሩ ይሄዳሉ። ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት አቋሜን ልናገር። መጀመሪያ ሞተሯን ፋብሪካው እንደሠራት መልሷት። መቀየሩን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ጋሼ፣ የዲቲ 125 የዘይት ፓምፕ ሞተብኝ። መለዋወጫ አጣሁ። ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ብቀላቅለው ይሆናል? (ከሐሙሲት)

ይሆናል፤ ግን ሦስት ነገር ተጠንቀቅ።

አንደኛው መጠኑ ነው። በአንድ ሊትር ቤንዚን 25 ሚሊ ሊትር ዘይት አድርግ፤ ይህ አንድ ለአርባ ነው። በዓይን አትገምት፤ ከፋርማሲ ትልቅ ሲሪንጅ ግዛና ለካ። ጀሪካን ውስጥ በደንብ ናጠውና ቅዳ። ታንከሩ ውስጥ ለየብቻ ካፈሰስከው ዘይቱ ከታች ይተኛል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ፓምፑን ስታወጣ ዘይቱ ይገባባት የነበረችው ቀዳዳ ክፍት ትቀራለች። በእሷ አየር ይገባል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ፒስተኑ ይግልና ይነክሳል። ቀዳዳዋንም ፓምፑ የነበረበትንም ቦታ አጥብቀህ ድፈን።

ሦስተኛው ቁልቁለት ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ስትወርድ ጋዙን ዘግተህ በማርሽ ብቻ ብትይዛት፣ ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፤ ቤንዚን ግን እምብዛም አይገባም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚመጣ ዘይትም እምብዛም የለም ማለት ነው። በየመሀሉ ጋዝ ስጣት፤ ወይም ፍሪሲዮን ይዘህ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጣት በምትዞርበት ልክ) እንድትዞር አድርግና በፍሬን ውረድ፤ ፍሬኑም እንዳይግል እየቆምክ አሳርፈው። የሰውን ሲሊንደር ሪቲፊካ (ሲሊንደር እንደገና የሚቦረቦርበት ቦታ) የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ጥፋቱ ግን በዘይቱ ላይ ይላከካል።

እኛ ጋ የጀልባ ሞተር ዘይት እንደ ልብ ይገኛል። ለሞተር ሳይክል አይሆንም? (ከዘጌ)

ሁለቱም ቱ ስትሮክ ስለሆኑ ጥያቄህ ትክክለኛ ነው። ልዩነቱ ሙቀቱ ላይ ነው። የጀልባው ሞተር የጣናን ውሃ እየሳበ ይቀዘቅዛል። ያንተን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ብቻ ስለሆነ በጣም ይግላል። ቲሲ ደብሊው 3 የሚል የጀልባ ዘይት ለዚያ ግለት አልተሠራም፤ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ቦታው ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ዕቃው ላይ ጃሶ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ (የቱ ስትሮክ ሞተር ዘይት ደረጃ) የሚለውን ፈልግ። መንገድ ላይ ዘይት ካለቀብህ ግን የጀልባውን አድርገህ ቀስ ብለህ ቤትህ ግባ፤ ምንም ሳይኖር ከመንዳት በብዙ ይሻላል።

ጋዝ ስከፍት ታፍናለች፣ ካንዴላውም (ብልጭታ ሰጪው) ጥቁር ነው። ካርቡሬተሩ የባጃጅ ይቀየርላት ይሉኛል። (ከባሕር ዳር)

አትቀይር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሳሳል። ለቆላ የተመጠነ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። ስለዚህ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እጠብ፣ የዘይቱን መጠን እይ። ከዚያም ዋናውን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) በአንድ ቁጥር፣ ቢበዛ በሁለት አሳንሰው። ካንዴላው ቡናማ ሲሆን ደርሰሃል። ነጭ ከሆነ አልፈሃል፤ ወዲያው መልሰው። ወደ ዓባይ በረሃ የምትወርድ ከሆነም የድሮውን ጄት መልሰህ ግጠም፤ እዚያ አየሩ ይወፍራል።

ጄት በሽቦም በመርፌም አይጸዳም፤ ቀዳዳው ይሰፋል። የጣና ዓሣ አጥማጆች የሚይዙት ቀጭን ናይለን ክር በቂ ነው።

በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን እንዴት ይታወቃል?

ሃይላንዱን ጥቂት ደቂቃ ሳታንቀሳቅስ አቁመው። ውሃ ካለው ከታች ለብቻው ይታያል። ላምባ የተቀላቀለበትን ለመለየት ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣል። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባው የቅባት ምልክት ይተዋል። አስቀድሞ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚንም ምልክት ስለሚተው፣ ሙከራው ከመቀላቀልህ በፊት ይሁን።

ልጆቹ ድምፅ እንድታወጣ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ይቁረጡት? ጉልበት ይጨምራል ይላሉ።

አይጨምርም፤ ይቀንሳል። የቱ ስትሮክ ማርሚታ ቅርጹ ዝም ብሎ አልመጣም። ሊያመልጥ የነበረውን አዲስ ድብልቅ በግፊት ወደ ሲሊንደሩ የሚመልሰው እሱ ነው። ሲቆረጥ ጉልበቱ ይሄዳል፣ የካርቡሬተሩም ልክ ይበላሻል። ጎረቤት ያለ ሕፃንና በሽተኛም ይታሰብ። ሞተሯ ከደከመች ማርሚታው በጥላሸት ተደፍኖ ይሆናል። የውስጡን ቱቦ አውጡና ጥላሸቱን ፋቁት። ለውጡን በመጀመሪያው ዳገት ታዩታላችሁ።

ጓርኒሲዮን (በክዳን መሀል የሚገባ ማሸጊያ) ከካርቶን መቁረጥ ይቻላል?

ለጎን ክዳኖች ይቻላል። የክዳኑን ጠርዝ ግራሶ ቀባና ወረቀቱ ላይ አትም፣ በመቀስ ቁረጥ። ለቴስታታ (ለሲሊንደሩ ራስ) ግን ካርቶን አይታሰብም። የመዳብ ከሆነ አሮጌውን እስኪቀላ አግለህ ውሃ ውስጥ ንከረው፤ ይለሰልስና እንደገና ይሠራል።

የነዳጅ ታንከሬ ውስጡ ዝጓል፣ ከሥሩም ያንጠባጥባል። ላስበይደው? (አንዲት እህት፣ ከመራዊ)

እህቴ፣ እባክሽ እንዲሁ ወደ ብየዳ ቤት እንዳትወስጂው። ባዶ ታንከር ከሙሉው የባሰ አደገኛ ነው፤ ውስጡ የቀረው የቤንዚን ትነት በአንድ ፍንጣሪ ይፈነዳል። ዝገቱን ለማውጣት ኮምጣጤና አንድ እፍኝ ትናንሽ ዳዶ ጨምሪበት። አሳድሪው፣ ደጋግመሽ ናጪው። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ ባለው ውሃ አጥቢው፣ ፀሐይ ላይ አድርቂው፣ ወዲያው ትንሽ ዘይት አንከባሊበት፤ አለዚያ በክረምቱ እርጥበት ቶሎ ይዝጋል። ትንሿን ቀዳዳ ከውጭ ቤንዚን በሚችል ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ድፈኚያት።

የፍሬን ሸራ ራሴ ልለጥፍ?

እዚህ ላይ እጄን አነሳለሁ። ካርቡሬተር ቢበላሽ መንገድ ላይ ትቆማለህ፤ ፍሬን ቢበላሽ ግን ያለመቆም ጣጣ ነው። ሸራ ማስለጠፍን ሥራዬ ብሎ ለያዘ ባለሙያ ስጠው። የከበሮውን አቧራ በአፍህም በኮምፕሬሰርም አትንፋው፤ በአሮጌ ሸራ ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። በውሃ አርጥበህ ጥረገው። አዲስ ሸራ ካስገባህ በኋላ ሰው ሳትጭን ባዶ ሜዳ ላይ ቀስ እያልክ ደጋግመህ ያዘው፣ ከበሮው ሲሞቅ አሳርፈው፣ ከዚያ ገመዱን እንደገና አስተካክል።