ለኤም ኤስ ድካም ሞዳፊኒል ይረዳል ወይ?

እህቴ፣ የነርቭ ሽፋንን የሚጎዳው የመልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም ኤስ) ሕመም ድካም ስለበረታብዎ ሐኪምዎ ሞዳፊኒል የተባለውን እንቅልፍ የሚያባርር መድኃኒት እንዳዘዙልዎ፣ ቤተሰብዎ ግን ድካሙን ከስንፍና እንደሚቆጥሩት ገልጸው፣ የመድኃኒቱ ጥቅም በጥናት ተረጋግጦ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም የዚሁ ሕመም ታካሚ ስሆን መድኃኒቱን ወስጄዋለሁ፤ የቀን እንቅልፌን አባረረልኝ፣ እጅና እግሬን የሚያስረው ድካም ግን አልለቀቀኝም፣ ሌሊትም እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ የሚያስቸግርዎ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ ነው ወይስ ነቅተው ሳሉ አቅም ማጣት የሚለውን ለሐኪምዎ ለይተው ይንገሩ።

ከጥናቶቹ ለእኔ ጎልቶ የሚታየኝ በ2021 እ.ኤ.አ. በላንሴት ኒውሮሎጂ መጽሔት የታተመው ነው። በአሜሪካ 141 ታካሚዎች አማንታዲን፣ ሞዳፊኒል፣ ሜቲልፌኒዴትና መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ እንክብል፣ የትኛውን እንደሚወስዱ ሳያውቁ፣ በየተራ እንዲወስዱ ተደረገ። ድካሙ ከ0 እስከ 84 በሚደርስ መጠይቅ ሲለካ መነሻው በአማካይ 51.3 ነበር፤ በሞዳፊኒል ወደ 39፣ በማስመሰያው ደግሞ ወደ 40.6 ወረደ። ከሦስቱ መድኃኒቶች አንዱም ከማስመሰያው አልበለጠም፤ የጎንዮሽ ጉዳታቸው ግን በለጠ።

ቤተሰብዎ ይህን ሰምተው «ታዲያ ነገሩ የሐሳብ ነው» እንዳይሉ እሰጋለሁ። ሰው ወደ ጥናት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ድካሙ በከፋበት ወቅት በመሆኑ፣ ቁጥሩ በራሱ ጊዜም ዝቅ ይላል፤ ክትትሉና ተስፋውም ያግዛሉ። የተጎዳው የነርቭ ሽፋን ግን በምስል የሚታይ ነው፤ የሰውነት ሙቀት ሲጨምር ነርቩ መልእክት የማስተላለፍ አቅሙ ይበልጥ ስለሚዳከም፣ ምጣድ ፊት ጥቂት ቆመን እግራችን የሚከዳን በዚህ ምክንያት ነው።

በ2024 በወጣ ሌላ ጥናት 336 ታካሚዎች ለ12 ሳምንታት ሞዳፊኒል፣ በስልክ የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ወይም ሁለቱን አጣምረው ሲያገኙ በሦስቱም ምድብ ድካሙ ቀንሷል፤ ማጣመሩ ግን ብልጫ አላስገኘም። የማስመሰያ ምድብ ስላልነበረው ከመጀመሪያው እኩል አልመዝነውም፤ ቢሆንም የስልኩ ሕክምና በሚገኝበት አገር ካሉ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ከእንክብሉ በፊት ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የእንቅልፍ መቆራረጥና ድብርት እንዲመረመርልዎ፣ እንዲሁም እንደ ባክሎፌን ያለ ድካም የሚያመጣ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ እንዲታይልዎ ይጠይቁ። ሞዳፊኒሉን ለመሞከር ከወሰኑ ደግሞ፣ በሚወስዱበት ጊዜና ካቆሙ በኋላም ለአንድ ወር ያህል የሆርሞን የወሊድ መከላከያን ኃይል ስለሚቀንስ፣ ይህን አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት።