ድራየሩን ተዉትና በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ያንብቡ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ታውንሃውስ ተከራይቼ ከልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ድራየሩ ልብስ የሚያደርቀው ሦስት ጊዜ ካዞርኩት በኋላ ነው፤ የተቃጠለ ነገርም ይሸተኛል። አከራዩ ጋ ብዙ ጊዜ ደወልኩ። «ቬንቱን (የአየር ማስወጫ ቱቦውን) ማጽዳት ያንቺ ሥራ ነው፣ ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ላይ አለ» ይለኛል። የእህቴ ልጅ መጥቶ አይቶልኝ ነበር፤ ለውጥ የለም። እኔም እርምጃ ወስጃለሁ። አከራዩን ማስገደድ እችላለሁ? በር ላይ የለጠፉት ወረቀት ከድራየሩ ጋር ስለማይገናኝ አልላክሁልዎትም።

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ድራየሩ በደንብ ነግረውኛል። ያሰጋኝ ግን መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፉት ወረቀት ነው። እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ድራየሩን ያጥፉና ከሶኬት ይንቀሉት። የተቃጠለ ሽታ ክርክር አይፈልግም። በጋዝ የሚሠራ ከሆነማ የተዘጋ ቬንት ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ይመልሳል፤ ልጆች ደግሞ አሉ። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር በአንድ ጥናቱ በዓመት 2,900 ያህል የመኖሪያ ቤት እሳት ከድራየር እንደሚነሣ ገምቶ ነበር፤ ከምክንያቶቹ ቀዳሚው አለማጽዳት ነው። እስኪሠራ ልብሱን አስጥተው ያድርቁ፤ አገር ቤት ማን ድራየር ነበረው?

ሕጉ አጭር ነው። በሜሪላንድ የንብረት ሕግ አንቀጽ 8-211 መሠረት፣ ቤቱ ውስጥ የእሳት አደጋ የሚያስከትል ነገር ካለና አከራዩ እያወቀ ካላስጠገነ፣ ተከራይ ኪራዩን ለፍርድ ቤት እያስገባ ጥገናውን ማስገደድ ይችላል። «ሬንት ኢስክሮ» የሚሉት ይህን ነው። ከ30 ቀን በላይ መዘግየት ከመጠን ያለፈ እንደሆነ ይገመታል፤ አከራዩ ግን ማስተባበል ይችላል። ከእያንዳንዱ አጠባ በኋላ የማጣሪያውን ብናኝ ማንሣት የእርስዎ ሥራ ነው። ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ውጭ የሚወጣውን ቱቦ ግን የአከራዩ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ሊዙን ሳላይ ግን አልምልም። ይላኩልኝ፣ ወይም አካባቢዎ ላለ ጠበቃ ያሳዩ።

ስልክ መደወልዎ ጥሩ ነው፤ ማስረጃው ግን የት አለ? ዛሬውኑ ችግሩን ዘርዝረው በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩ በደረሰኝ በሚረጋገጥ ፖስታ) ለአከራዩ ይላኩ፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ። በካውንቲው የአገልግሎት ስልክ 311 ደውለውም የቤት ተቆጣጣሪ ያስጠሩ። ተቆጣጣሪው ጥፋት ብሎ በጽሑፍ ካወጣው፣ እሱ ራሱ ለአከራዩ እንደ ማስታወቂያ ይቆጠራል።

የእህትዎ ልጅ «አይቶልኝ ነበር» ብለዋል። አይቶ ብቻ ነው የሄደው? ወይስ ከማሽኑ ኋላ ያለውን ቱቦ ቀየረው? ይህን የምጠይቀው ችግሩን ተከራዩ ወይም ቤተሰቡ ካመጣው፣ አከራዩ የመከላከያ ክርክር ስለሚያገኝ ነው። ጠንካራውን የብረት ቱቦ አውጥቶ እንደ አኮርዲዮን የሚጨማደደውን ከገጠመው፣ ወይም ብሎኑ ወደ ውስጥ ዘልቆ ብናኝ የሚይዝ ከሆነ፣ የአከራዩ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንን ነው። አሮጌው ቱቦ ካለ አይጣሉት። አዲሱንም ፎቶ ሳያነሡ አይንኩት። የእቃውን ደረሰኝ ከልጁ ይቀበሉ። እሱንም አይቆጡት፤ ሊረዳዎት ነው የመጣው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። «እርምጃ ወስጃለሁ» ያሉት ኪራይ አልከፍልም ማለት ነው አይደል? ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። ግን ሃያ ሰው እንዲህ ጽፎልኝ ከሆነ ሃያውም ኪራይ አቁሟል። ሐሳቡ ይገባኛል፦ ካልሠራ ለምን እከፍላለሁ? በእኛ ዘንድ ትክክለኛ ፍርድ ይመስላል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ኪራይን እቤት ማስቀመጥና ፍርድ ቤት ማስገባት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዕዳ ነው። ሕጉ የሚጠብቅልዎት ሁለተኛውን ነው።

አከራዩ ባልተከፈለ ኪራይ ለመክሰስ ቀድሞ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ከ2021 ጥቅምት ጀምሮ እንዲህ ነው። ከዚያ መጥሪያው ይመጣል፤ እሱም በር ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ወረቀቱን አሁኑኑ ያንሡት። የፍርድ ቤት ስምና የቀጠሮ ቀን አለበት? እንግዲያውስ መጥሪያ ነው። ካልቀረቡ በሌሉበት ይፈረድብዎታል፤ ስለ ድራየሩ አንድ ቃል ሳይሰማ።

አንድ ደንበኛዬ ሦስት ወር ኪራይ ይዞ ቀጠሮው ላይ ቀረበ። ስልኩ ሙሉ የብናኝ ፎቶ ነበር፤ እፍኝ እፍኝ የሚያህል ግራጫ ጥጥ። ዳኛዋ ፎቶውን አዩና «ገንዘቡስ?» አሉት። ገንዘቡ አልነበረም። ግማሹ መኪና ጥገና፣ ግማሹ አዲስ አበባ። ክርክሩ ጥሩ ነበር፤ ግን ለፍርድ ቤት የሚያስገባው ስላልነበረው አልጠቀመውም። እኔ ጋ የመጣው ከተፈረደበት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከቤት ማስወጣቱ እስኪፈጸም ድረስ ዕዳውንና የፍርድ ቤቱን ወጪ ከፍሎ መዳን አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል፤ ተደጋጋሚ ፍርድ ላለበት ግን አይደለም። እሱ ተበድሮ ከፈለ። ፍርዱ ግን ተመዝግቧል።

እርስዎ ገና አልረፈደብዎትም ይሆናል። ኢስክሮን ኪራይ ሲከሰሱም እንደ መከላከያ ማንሣት ይቻላል። ገንዘቡ ካለ ሳይነካ ለብቻ ይቀመጥ። ለእናትዎ ቤት ቆርቆሮ ሄዶ ከሆነም ለጠበቃዎ እውነቱን ይንገሩ፤ ለእኔ የደበቁኝን ለእሱ አይደብቁ። ገቢዎ አነስተኛ ከሆነ፣ ከቤት መውጣት ለተጋረጠበት ተከራይ ነፃ ጠበቃ የሚሰጥ የሜሪላንድ ፕሮግራም አለ። የአማርኛ አስተርጓሚም ፍርድ ቤቱ ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ ቀደም ብለው ይጠይቁ፣ ልጅዎን ይዘው እንዳይሄዱ።

ሊዙን፣ የኪራይ ደረሰኞቹን፣ የጥሪዎቹን ቀን ከስልክዎ፣ የቱቦውን ፎቶና ያንን ወረቀት በአንድ ፖስታ ያድርጉ። ይህ የጻፍኩት አጠቃላይ ማብራሪያ ነው፤ ፋይልዎን ያየ ጠበቃ ምክር አይተካም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ከሆነ ለእኔ መልሰው አይጻፉ። ፖስታውን ይዘው ዛሬውኑ ጠበቃ ጋ ይሂዱ።