«እናትህ ጠበል ሄዳለች» ለተባለው ልጅ

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደምበጫ አካባቢ ነው። ታላቅ እኅቴ ካረፈች ወር ሊሞላት ነው። 7 ዓመት የሆነው ልጇ እኔ ጋ ነው ያለው። የቀብሯ ዕለት ጎረቤት ቤት አዋልነው። «እናቴስ?» ሲለን «ግሽ ዓባይ ጠበል ሄዳለች» አልነው። አሁን ማታ ማታ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ቀን ግን ከልጆች ጋር ሲሯሯጥና ሲስቅ ይውላል። እናቴ «ልጅ ምን ያውቃል፣ ይረሳዋል፤ ደግሞ የልጅ እንባ ለሟች ነፍስ ጥሩ አይደለም» ትላለች። የ40 ተዝካሯ እየደረሰ ነው። ያን ቀን ወደ አጎቱ ቤት ልላከው ወይስ እዚሁ ይዋል? እውነቱን ብነግረውስ ኀጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእኅትሽን ነፍስ ይማር። ስለ ፍትሐቱና ስለ ተዝካሩ ሥርዓት አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ፣ ካህናቱም አጠገብሽ አሉ። ልጁን ግን የትም አትላኪው። እውነቱንም ንገሪው፣ ያውም ከተዝካሩ በፊት።

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። የሚለያየው ሟች ሄደበት የሚባለው ቦታ ብቻ ነው። አንዱ «አዲስ አበባ» ይላል፣ ሌላው «ዐረብ አገር»፣ ሌላው «ተኝቷል»። ጠበል ሲባል ግን እኔን ይብስብኛል። ይህ ልጅ ነገ ያመው ይሆናል። አንቺም እጁን ይዘሽ «ና ጠበል እንሂድ» ትይዋለሽ። ምን የሚሰማው ይመስልሻል? እሱ የሚያውቀው ጠበል የሄደ ሰው እንደማይመለስ ነው። ሰው የሚድንበትን ውኃ መዋሻ አናድርገው።

«ተኝቷል» የሚሉትም ቢሆኑ አልዳኑም። አባቷ «ተኝቷል» የተባለች አንዲት ሕፃን አውቃለሁ። እናቷ ሸለብ ባደረጋት ቁጥር ዐይኗን በጣቷ ትከፍትባት ነበር። እናትየዋ ለሳምንታት እንቅልፍ አጣች። ልጅቷ ግን እናቷን ከሞት መጠበቋ ነበር።

እዚህ ላይ «መጽሐፉስ ሞትን እንቅልፍ ይለው የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይለዋል። ጌታም «ወዳጃችን አልዓዛር ተኝቷል» ብሏል። ግን ዝቅ ብለሽ አንብቢ። ደቀ መዛሙርቱ የእንቅልፍ መተኛት መሰላቸውና «ተኝቶስ እንደ ሆነ ይድናል» አሉ። ያን ጊዜ ጌታ ምን አደረገ? በግልጥ «አልዓዛር ሞተ» አላቸው (ዮሐ 11፥14)። ሐዋርያት ያልገባቸውን ምሳሌ የ7 ዓመት ልጅ እንዲፈታው አንጠብቅ።

እኔም 8 ዓመቴ ላይ አባቴ ሞቷል። «ወለጋ ቡና ለቀማ ወርዷል» አሉኝ። ያኔ ከእኛ አገር ዓባይን ተሻግሮ የሚወርደው ብዙ ስለነበር አመንኩ። ጥምቀት አለፈ። የወረዱት ሁሉ ተመለሱ፣ እሱ ቀረ። አንድ ቀን ከብት ስንጠብቅ ከአንድ እረኛ ጋር በጅራፍ ተጣላን። «ሂድ አንተ የሙት ልጅ!» አለኝ። መርዶዬን የሰማሁት በስድብ ነው። ቤት ስገባ ምንም አልተናገርኩም። እነሱ ለእኔ ብለው ይደብቃሉ፣ እኔ ለእነሱ ብዬ እደብቃለሁ። እንዲህ ሆነን ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲያ የእናቴን ቃል ማመን አቃተኝ። አድጌ ዋሸራ ቅኔ ስቆጥር እንኳ ከቤት ሰው መጥቶ «ሁሉም ደኅና ነው» ሲለኝ «ማን ሞቶ ይሆን?» እል ነበር። ስለዚህ እውነቱን መናገር ኀጢአት ይሆንብኛል ወይ ላልሽው፣ ዝም ማለትሽ ነው የሚያስፈራኝ። የሰፈር ልጆች ሁሉ ያውቃሉኮ። አንዱ ሳይቀድምሽ አንቺ ቅደሚ።

ቀን ቀን መሳቁ አያስደንግጥሽ። የልጅ ኀዘን እንደ ሚያዝያ ዝናብ ነው። ወረድ ይልና ያባራል፣ ደግሞ ይመጣል። ትልቅ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ልጅ ኳስ ሲጫወት ቆይቶ ድንገት «እናቴ ራት በልታ ይሆን?» ይላል። ማታ መንገድ ዳር የሚቀመጠውና ቀን የሚሯሯጠው አንድ ልጅ ነው። ረስቶ ቢሆን ኖሮ ማታ እዚያ ምን ያስቀምጠዋል?

የይስሐቅን ነገር ልንገርሽ፣ ቁጥሩን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሣራ ስትወልደው 90 ዓመቷ ነበር፣ ያረፈችው በ127 ነው። ስለዚህ ይስሐቅ እናቱ ስትሞት 37 ዓመቱ ነው። ርብቃን ያገባው በ40 ዓመቱ ነው። «ከእናቱ ሞት ተጽናና» የሚለው ቃል የሚመጣው ያን ጊዜ ነው (ዘፍ 24፥67)። ጎልማሳው 3 ዓመት ፈጀበት። ስለዚህ ተዝካሩ ሲወጣ የልጁም ኀዘን አብሮ እንዲወጣ አትጠብቂ። ያንኑ ጥያቄ መቶ ጊዜ ይጠይቅሻል። መቶ ጊዜ መልሺለት።

ስለ እንባ ደግሞ፣ የልጅ እንባ የሟችን ነፍስ ይጎዳል የሚል ትምህርት ቤተ ክርስቲያን የላትም። ጌታችን በወዳጁ መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሷል። ዮሴፍ በአባቱ ፊት ላይ ወድቆ አልቅሷል፣ ስሞታልም። ጳውሎስም ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ አለ እንጂ አትዘኑ አላለም። ቢሆንም እናትሽን በዚህ ጥቅስ እንዳትሟገቻት። እሷም ልጇን ነው የቀበረችው። የልጅ ልጇ ሲያለቅስ ማየት አልችል ብላ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። እሷም ታልቅስ። አንድ ላይ ቢያለቅሱማ ደግ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። «እግዚአብሔር ስለወደዳት ወሰዳት» አትበይው። ለትልቅ ሰው ማጽናኛ ይሆናል፤ ልጅ ግን ቃሉን እንዳለ ነው የሚወስደው። እንዲህ የተባለ አንድ ልጅ ቤተ ክርስቲያን አልገባም አለ። ለምን ሲባል «እግዚአብሔር እንዳይወደኝ» አለ።

እንግዲህ እንዴት እንደምትነግሪው። እንደ ትልቅ ሰው መርዶ ጎሕ ሳይቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ አይሁን። ቀን፣ ከበላ በኋላ፣ አንቺ ብቻ ሁኚ። አጠገብሽ አስቀምጪውና «ሞታለች» የሚለውን ቃል ሳትዞሪ ተናገሪ። «እናትህ ታማ ነበር። ሞታለች። ከእንግዲህ አይርባትም፣ አይበርዳትም፣ አያማትም። ወደ ቤት አትመለስም። ነፍሷ እግዚአብሔር ዘንድ ናት።» ይበቃል። ከዚያ «ጠበል ሄዳለች ያልኩህ ውሸት ነበር፣ ይቅር በለኝ» በይው። ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ በአገራችን አልተለመደም፣ አውቃለሁ። አንቺ ግን ጠይቂው። ሌላም አለ። ልጆች «ስላስቸገርኳት ነው የሞተችው» ብለው በሆዳቸው ይይዛሉ፣ አፍ አውጥተው አይናገሩም። ሳይጠይቅሽ «ባንተ ጥፋት አይደለም» በይው። «አንቺስ ትሞቻለሽ?» ካለሽ «አልሞትም» ብለሽ ሌላ ውሸት አትጀምሪ። «አሁን ደኅና ነኝ፣ አብሬህ ነኝ» በይው።

ለትምህርት ቤት መምህሩም ንገሪው። መብላት ከተወ፣ ሌሊት እየባነነ ሳምንታት ካለፉ፣ ወይም «እናቴ ጋ ልሂድ» የሚለው አነጋገሩ ካስፈራሽ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ሲራክም ሐኪምን አክብር ይላል፤ ጠበሉን አይከለክልሽም።

ለተዝካሩ ቀን ሥራ ስጪው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ጧፍ እሱ ይያዝ። የእናቱን የክርስትና ስም አስጠኚው፣ ካህኑ በጸሎት ሲጠሩት ይሰማዋል። ድግሱ ሲበዛበት ወጥቶ ይጫወት፣ አትቆጪው። ነጠላዋ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ለልጁ ስጪው። አንቺ ግን ለጊዜው አትጠቢው፣ ጠረኗ አለበት።