7ኛ ክፍሎችን ጢስ አባይ ይዞ ስለመሄድ ለጠየቅሽው

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። 7ኛ ክፍል ሳይንስ ታስተምሪያለሽ፣ ልጆቹን ጢስ አባይ ልትወስጃቸው አስበሻል፣ ዳይሬክተሩ ደግሞ ሽርሽር ነው ክፍለ ጊዜ ይቃጠላል ብሎሻል፣ እና በእርግጥ ይጠቅማል ወይ ነው ያልሽው። እኔ አዴት አካባቢ 7ኛና 8ኛ ሳስተምር ስንት ጊዜ ይዣቸው ወጥቻለሁ፣ የተበላሸብኝም የተሳካልኝም አለ። በጣም ይጠቅማል። ግን ልጁ ከክፍል ጥያቄ ይዞ ካልወጣ እውነትም ሽርሽር ነው የሚሆነው፣ እዚህ ላይ ዳይሬክተሩ አልተሳሳተም።

የመጀመሪያ ጉዟችን የካቲት ላይ ነበር። 60 ምናምን ልጅ በሁለት ቅጥቅጥ ይዘን ሄድን፣ ከባህር ዳር 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ክፍል ውስጥ የፏፏቴው ቁመት 45 ሜትር ይደርሳል፣ ክረምት ላይ ስፋቱ 400 ሜትር ይሆናል እያልኩ አስጽፌያቸዋለሁ። የድሮውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን (በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሰራው ነው፣ እሱ ራሱ ለታሪክ መምህሩ አንድ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል) ዳገቱን ወጥተን ፊት ለፊቱ ስንቆም በዛ ሁሉ ጥቁር ገደል ላይ አንድ ጥግ ይዞ ቀጭን ውሃ ነው የሚወርደው። አንዷ ልጅ ደብተሯን ገለጠች፣ ያስጻፍኳትን አየች፣ ገደሉን አየች፣ ከዛ "ቲቸር ጢሱ የታለ?" አለችኝ። በጋ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኳት። ፎቶ ተነስተን ዳቧችንን በልተን ተመለስን፣ ሰኞ ገብቼ ቀጣዩን ምዕራፍ ቀጠልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም የዚያ ዓመት ትልቁ ትምህርት እሷ ጥያቄ ውስጥ ነበር።

በጋው ብቻ አይደለማ። አባይ ከጣና ሲወጣ ባህር ዳር ላይ ጨረጨራ የሚባለው በር ያለው ግድብ አለ፣ ውሃው በመጠን ነው የሚለቀቀው። ፏፏቴው ጋ ሊደርስ ሲል ደግሞ በቦይ ተጠልፎ ወደ መብራት ማመንጫው ይገባል፣ አንደኛው ጢስ አባይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለው 11.4 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. የተጨመረው 73 ሜጋ ዋት። ከ2002 ወዲህ ደግሞ ከዛው ከጣና በዋሻ ወደ በለስ ማመንጫ የሚሄድ ውሃ አለ፣ እሱ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ነው። ልጆቹ መጽሐፉ ላይ ፖቴንሻል ኢነርጂ (ከፍታ ላይ ያለ ነገር የያዘው ጉልበት) ኪኔቲክ ኢነርጂ (የሚንቀሳቀስ ነገር ጉልበት) እያሉ በእንግሊዝኛ የሚሸመድዱት ነገር እኮ እዛ ቦይ ውስጥ እየፈሰሰ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ጉዞው ሳምንት ሲቀረው ቦርዱ ላይ "የጢስ አባይ ጢስ የት ሄደ?" ብዬ ጻፍኩና ምንም ሳላስረዳ በቡድን ግምታቸውን አስጻፍኳቸው። ዝናብ ቀንሶ ነው ያሉ አሉ፣ ደን ተመንጥሮ ያሉ አሉ፣ ከኋላ የሚቀመጡት ቡድኖች "መብራት ሆኗል" ብለው ጻፉ። ወረቀቱን ይዘው ነው የሄዱት። እዛ ስንደርስ ማንም ሩጡ ሳይላቸው ቦዩን ፍለጋ ሮጡ። ስንመለስ ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ክርክር ሆነ፣ አንዱ መብራት ይበልጣል ሲል ሌላው የፏፏቴው ሰፈር አስጎብኚዎች ምን ይብሉ ሲል፣ እኔ ስም እየጠራሁ ተራ ከማስያዝ በቀር ስራ አልነበረኝም። ስለዚህ አንቺም ከጉዞው በፊት አንድ፣ ከጉዞው በኋላ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያዢለት፣ የኋላውን ካጣሽ ጉዞውን ብትተይው ይሻላል። ወቅቱን ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አድርጊው፣ ውሃው ሙሉ ነው። የማመንጫው ግቢ ለመግባት ግን ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ቀድመሽ አስገቢ።

አሁን ገንዘብ ካልተገኘ ወይም መንገዱ ሰላም ካልሆነ አትዘኚ። እኔ ከሁሉም በላይ ያስተማርኩበት ጉዞ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለው ቦረቦር ነው፣ በእግር አስር ደቂቃ። ሰኔ ላይ ዝናብ እንዳቆመ ወረድን፣ እዛ የሚፈሰውን ውሃ በባዶ ሃይላንድ ቀድተን የክፍሉ መስኮት ላይ አስቀመጥነው። በማግስቱ ሲመጡ ከላይ ጠራ ብሏል፣ ከታች ሁለት ጣት የሚያህል ቀይ አፈር ተኝቷል። በእስክሪብቶ ምልክት አደረጉበት። የበቆሎ ቆረቆንዳ ውሃው ላይ ጥለን በ10 ሜትር ርቀት በስልክ ሰዓት እየያዝን ፍጥነት አሰላን፣ ስፒድ ማለት ምን እንደሆነ ከዛ በኋላ ደግሜ አላስተማርኩም።

እዛ ላይ ነው ዓመቱን ሙሉ እጁን አውጥቶ የማያውቅ አንድ ልጅ፣ ከብት ጠባቂ ነው ከሰዓት፣ ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ቆሞ "ይሄ እኮ ፈሰስ ነበር" ያለው። አባቱ ማሳው ላይ ውሃ እንዳይተኛ ያወጡት ፈሰስ ቁልቁል ስለሆነ በየክረምቱ እየተቦረቦረ ሄዶ ሰው የሚውጥ ሆኗል፣ በየት በኩል እንደጀመረ በጣቱ እያሳየ ነገረን። እኔ የአፈር መሸርሸርን ስንት ዓመት አስተምሬ እሱን አላውቅም ነበር። ከዛ ቀን በኋላ ልጁ ክፍል ውስጥ ይናገራል።

ስለ ብር፦ መዋጮ ስትጠይቂ ያልቻለ ልጅ እቤት ይቀራል፣ የመጀመሪያ ጊዜ አምስት ልጆች ቀርተውብኝ ሰኞ ሌሎቹ ሲያወሩ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ከዛ ወዲህ ሁሉም የማይሄድበትን ጉዞ አልወስድም። ቀደም ብለሽ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ አሰባስቢ፣ ወላጅ ኮሚቴውን አስገቢ፣ ምሳ ከቤት ቆሎና በሶ ይያዙ፣ ያ ብቻ ብዙ ይቀንሳል። ሴቶቹን ወላጅ የሚከለክለው ማታ ነው የምትመለሱት ብሎ ስለሚሰጋ ነው፣ እናቶችን ቤታቸው ሄደሽ አናግሪያቸው፣ ከ10 ሰዓት በፊት እንደምትመለሱ ንገሪያቸው።

ፏፏቴው አጠገብ ድንጋዩ በካፊያው ረጥቦ ያንሸራትታል፣ ለአስር አስር ልጅ አንድ ትልቅ ሰው መድቢ፣ ፊሽካ ያዢ፣ መኪና ላይ ስትወጡም ስትወርዱም ቁጠሪያቸው። እኔ የምጠቀምበት የግምት ወረቀት በእጅ የተጻፈ አለኝ፣ ከፈለግሽ ፎቶ አንስቼ በውስጥ እልክልሻለሁ።