ባሕር ዛፌን ማን ቆረጠው?

ውድ ወጣት ሠዓልያን፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥዕል ተማሪ፣ «የገጠሩን መልክዓ ምድር ለመሣል የግድ እዚያ ሄጄ መሰንበት አለብኝ? ፎቶግራፍ አይበቃም?» ብላ ጠየቀችኝ። በቁጣ መለስኩላት። የተቆጣሁት በራሴ እንደነበር የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከሥዕል ትምህርት ቤት በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ አጠገብ አንድ ገበሬ ቤት አረፍኩ። አንኮበር የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የትውልድ ስፍራ መሆኗ ቀድሞም ይስበኝ ነበር። ወደዚያ ያስኬደኝ ግን አንድ የከተማ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው ያዘዘኝ ትልቅ ሥዕል ነው፤ ቀብዱንም ተቀብያለሁ።

ብርዱ ለጉድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቀለሙን ብብቴ ውስጥ ሳላሞቅ ከቱቦው አይወጣልኝም። ከቤቱ ፊት ለፊት የተልባ ማሳ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ረፋዱን ሰማያዊ አበባውን ስሥል ቆይቼ፣ ምሳ በልቼ ስመለስ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። የቤቱ እመቤት፣ «ተልባ አበባው ለጠዋት ነው፤ ከቀትር በኋላ ይረግፋል» አሉኝ። ማታ የተልባ ፍትፍት ሲያቀርቡልኝ፣ የእኔም ቀለም የሚለወሰው በተልባ ዘይት እንደሆነ ነገርኳቸው። «እንግዲያ ማሳውን በገዛ ዘይቱ ነዋ የምትቀባው» አሉ። ከትምህርት ቤት የቀሰምኩት ብዙ ነገር ተረስቶኛል፤ ይህች ቃል ግን አልተረሳችኝም።

በአሥረኛው ቀን ሥዕሉ አለቀ። ገደሉ፣ ማሳው፣ የሣር ክዳን ጎጆዎቹ ሁሉ አሉ። ከቤቱ ጀርባ የነበሩትን ባሕር ዛፎችና የቆርቆሮ ጣሪያውን ግን ትቻቸዋለሁ። ሆቴሉ የሚፈልገው «ንጹሕ ገጠር» ነበርና። አባወራው ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡና ሸራው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

«ልጄ፣ ባሕር ዛፌን ማን ቆረጠው?»

«አባቴ፣ ለሥዕሉ ውበት ብዬ ነው።»

«የመጀመሪያ ልጄ የተወለደ ዓመት ነው የተከልኩት። እሱን ያስተማርኩት ከዚያ ምሰሶ እየሸጥኩ ነው። ቆርቆሮውም የዚያው ፍሬ ነው» አሉኝ። አልተቆጡም። በማግስቱ ያልደረቀውን ሸራ በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ መኪና መንገድ ሸኙኝ፤ ዛፋቸው የሌለበትን ሥዕል ተሸክመው። ለማረም ሁለት ቀን ይበቃኝ ነበር። አላረምኩም። ሆቴሉም ቀሪውን ከፈለኝ።

ስለ ንድፍና ስለ ርቀት አሣሣል አልጽፍላችሁም፤ መምህሮቻችሁ አሉላችሁ። ልናገር የምሻው ስለ አኗኗራችሁ ነው። ተማሪዎቼን ይዤ ገደል አፋፍ ላይ ስንደርስ፣ አብዛኞቹ መጀመሪያ ጀርባቸውን ለአገሩ ሰጥተው ራሳቸውን በስልክ ያነሣሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። እኛ ግን የተሻልን ነበርን ለማለት አፌን አልሞላም፤ እኔም ዛሬ ድረስ የጣሪያ ማዕዘን ለማስታወስ ፎቶግራፍ አነሣለሁ።

ደግሞ «ዝግ ያለ የገጠር ኑሮ» የምትሉትን ነገር ተዉት። እኚያ እናት ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተው እሳት ያነድዱ ነበር፤ እህል ሲደርስማ እንቅልፍ የሚባል የለም። ዝግ ብዬ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የተቀመጥኩትም እነሱ እያበሉኝ ነው። ቢሆንም ሂዱ እላችኋለሁ። መሽቶ ቀለም መለየት ሲያቅታችሁ ከሰው ጋር እሳት ዳር ቁጭ ከማለት በቀር ሥራ አይኖራችሁም። ስለ ማሳው የሚነገራችሁም ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያንን ሥዕል ከነዛፉ አራት ጊዜ ጀምሬዋለሁ። የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ብርማ ሰማያዊ ነው፤ ሲያድግ ይጠቁርና እንደ ማጭድ ይቆለመማል፤ ሁለቱም በአንድ ዛፍ ላይ ይገኛሉ። ዛፉማ በየመንደሩ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው ግን የእሳቸውን ነው፤ ቁመናው ከዓይኔ ጠፋ። ሄጄ በራቸውን ለማንኳኳትም ድፍረቱን አላገኘሁም። ያን ጊዜ ያነሣኋቸው ሰባት ፎቶግራፎች አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። በሰባቱም ላይ ካሜራዬን ከዛፉ አሽሽቻለሁ።