ጥያቄና መልስ፦ የኪችን ቶፕ ለምትመርጡ፣ ግራናይት ነው፣ ኳርትዝ ነው ወይስ እምነበረድ?

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት አመሻችሁ። ሰሞኑን ቤት የሚያድስ ሰው በዝቷል መሰል፣ በውስጥ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ኪችን ቶፕ ሆኗል። ለየብቻ ከምመልስ ዛሬ ማታ እዚሁ ጠይቁኝ። ሥራዬ ድንጋይ መቁረጥና መግጠም ነው፤ ደሴም ኮምቦልቻም እሠራለሁ። ስለ ካቢኔት በርና ስለ መብራት አትጠይቁኝ፣ እሱ የሌላ ሰው ሙያ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ከምትገዙት ድንጋይ ቁራጭ ጠይቃችሁ ቤታችሁ ወስዳችሁ ሳትሞክሩ ቀብድ አትክፈሉ።

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ ጋሼ፣ ቲክቶክ ላይ ነጭ ሆኖ ግራጫ መስመር ያለው ቶፕ አይቼ ልቤ እዚያው ቀረ። እምነበረድ ነው አሉኝ። ለኪችን ይሆናል?

መልስ፦ ውበቱ ላይ አልከራከርሽም እህቴ። የአገራችንም አለ፤ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣው የዳለቲ ነጭ ደህና ተደርጎ ከተወለወለ ዓይን ይስባል። ግን ኪችንሽ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አስቢ። እምነበረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ አሲድ ይበላዋል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲም፣ ሁሉም ጠላቶቹ ናቸው። ግማሽ ሎሚ ተገልብጦ ለጥቂት ደቂቃ ከተቀመጠበት፣ ስታነሺው ክብ ደብዛዛ ምልክት ታገኛለሽ። ሰው እድፍ ይመስለውና በበረኪና ይፈትገዋል። እድፍ አይደለም። የድንጋዩ ገጽ ራሱ ተበልቶ ነው፣ እንደገና ካልተወለወለ አይመለስም። እርድና በርበሬ ደግሞ ከዘይት ጋር ሲሆኑ ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ። የወሎ ወጥ በሚሠራበት ኪችን ነጭ እምነበረድ ንጹሕ ሆኖ የሚቆየው ሁልጊዜ የሚጠብቀው ሰው ካለ ብቻ ነው። እኔን ብትሰሚኝ እምነበረዱን ለመታጠቢያ ቤት ወይም ለመስኮት ደፍ አድርጊው፣ ለኪችን ያንኑ መልክ በኳርትዝ ወይም በትልልቁ የፖርሲሊን ታይል ፈልጊ። አይ፣ እምነበረድ ካልሆነ ካልሽ ደግሞ የሚያብረቀርቀውን ትተሽ ማት አስደርጊው፣ ምልክቱ ብዙ አይጎላም። ቁራጩን ግን መጀመሪያ ቤት ወስደሽ ሎሚ ጨምቂበት።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ኳርትዝና ግራናይት አንድ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ግራናይት ከተራራ የሚወጣ ድንጋይ ነው፣ ለምሳሌ በሐረርጌ በኩል የባቢሌ አለ። ኳርትዝ ተብሎ የሚሸጠው ግን ፋብሪካ የሠራው ነው። ከ90 በመቶ በላይ የተፈጨ ኳርትዝ ነው፣ ቀሪው ሬዚን የሚባል ሙጫና ቀለም። ጥቅሙም ጉዳቱም ከዚያ ሙጫ ይመጣል። ጥቅሙ፣ ፈሳሽ ወደ ውስጥ አያስገባም፣ ስለዚህ ሲለር የሚባለውን ፈሳሽ እንዳይሰርግ የሚከላከል ቅብ መቀባት የለም፣ እርድ ቢፈስበት ቶሎ ከተጠረገ አይዝም። ጉዳቱ ሙቀት ነው። ሙጫው ወደ 150 ዲግሪ ሲደርስ መጎዳት ይጀምራል፣ ቢጫ ይሆናል ወይም ይሰነጠቃል። ከእሳት የወረደ ድስት ቀጥታ አይቀመጥበትም። ፀሐይም አይወድም፣ ለበረንዳ አታድርጉት።

ግራናይት ሙቀቱን ይችላል። እሱ ግን ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይመጥጣል፣ አንዱ በጣም አንዱ በጥቂቱ። ቁራጩ ላይ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ቦታው ከጠቆረ ሲለር ይፈልጋል፣ ካልጠቆረ ለጊዜው ደህና ነው።

ጥያቄ (ከሮቢት)፦ የከሰል ምድጃስ? ቡና ቶፑ ላይ ማፍላት ብንፈልግ?

መልስ፦ ኳርትዝ ላይ በጭራሽ። ግራናይትም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ፍም ተቀምጦበት ሲውል ሊሰነጠቅ ይችላል።

አስተያየት (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦ ኸረ ቡና ቶፕ ላይ ማን ያፈላል? ቡና ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ እጣን ጨሶ፣ መሬት ላይ ነው። አቦል ቆሞ ይጠጣል እንዴ?

አስተያየት (ከሮቢት)፦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቄጠማ የት ትጎዘጉዣለሽ እህቴ? እኛ ሳሎናችን ሶፋ ብቻ ነው የሚይዘው።

አስተያየት (ከቧንቧ ውሃ)፦ ሶፋውን ገፋ ማድረግ ነዋ! ወላሂ ቡናን ወደ ኪችን ማስገባት የቤቱን በረካ ማውጣት ነው።

መልስ፦ እሺ፣ የሁለታችሁንም ሐሳብ አክብሬ ወደ ድንጋዩ ልመልሳችሁ። ቡናውን መሬት አፍሉ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ። ከሰል የግድ ኪችን ውስጥ ከሆነ ጥግ ላይ በጡብ ለብቻው መደብ አሠሩለት፣ መስኮትም ይኑረው፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ የምኑ? ስንት ካሬ? ባለ ስንት ሳንቲም ውፍረት?

ጥያቄ (ከደሴ፣ አራዳ)፦ ሁለት ቤት ጠይቄ አንዱ በጣም ረከሰብኝ። ለምን?

መልስ፦ አንዱ በካሬ፣ ሌላው በሜትር ርዝመት ነግሮህ ይሆናል። ቶፕ ወደ ውስጥ በአብዛኛው 60 ሳንቲም ነው፣ ስለዚህ አንድ ሜትር ርዝመት ማለት 0.6 ካሬ ብቻ ነው። ያንተ ኪችን 3 ሜትር ከሆነ 1.8 ካሬ ትገዛለህ። ሁለቱንም ወደ ካሬ ቀይረህ አወዳድር። ከዚያ የሲንክ ቀዳዳ፣ የጠርዝ ሥራ፣ ማጓጓዣና መግጠም ውስጥ አለበት ወይ ብለህ ጠይቅና በወረቀት አስጽፍ። ርካሽ ሆኖ የጀመረ ሁሉ ጠርዙ ላይ ነው የሚወደደው።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ጥቁር ግራናይት ገዝቼ በወራት ውስጥ ግራጫ ሆነብኝ። ጥቁር ድንጋይ ይለቃል እንዴ?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነውና። ጥሩ ጥቁር ድንጋይ አይለቅም። ያንተ ግራጫ ሆኖ ተወልዶ ጥቁር ቀለም የጠጣ ይመስለኛል። አንዳንዱም ዘይት ተቀብቶ ነው የሚያብረቀርቀው። ከመግዛት በፊት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ አሴቶን የሚባለውን፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ድንጋዩን እሹት። ጨርቁ ከጠቆረ ተዉት። የተወለወለውን ፊት ብቻ አትዩ፣ ቁራጩን ገልብጣችሁ የተቆረጠውን ጎኑን ተመልከቱ። ፊቱ እንደ ሌሊት ጠቁሮ ጎኑ አመድማ ከሆነ ነገሩ ገብቷችኋል። ግራናይት ነው ብለው እምነበረድ የሚሸጡም አሉ። ሎሚ ጠብ ስታደርጉበት ደቃቅ አረፋ ካወጣ ወይም ቦታው ከደበዘዘ ግራናይት አይደለም። ሻጩ ሎሚና አሴቶን ስታወጡ ከተቆጣ ወደ ሌላ ቤት ሂዱ።

ጥያቄ (ከላሊበላ)፦ የራሳችንን የወሎ ድንጋይ ለምን አንጠቀምም? ላሊበላ ከዚሁ ድንጋይ ተፈልፍሎ 800 ዓመት ቆሟል።

አስተያየት (ከኮምቦልቻ)፦ ልክ ነው! ከሩቅ እያመጣን ገንዘባችንን እንጨርሳለን።

አስተያየት (ከደሴ፣ ሸርፍ ተራ)፦ ቤተ ክርስቲያንና ሲንክ ምን አገናኘው? ላሊበላ ላይ ሽንኩርት አይከተፍም።

አስተያየት (ከላሊበላ)፦ አነጋገርህን አስተካክል ወንድሜ፣ ስለ ድንጋዩ ነው ያወራሁት።

መልስ፦ አብሽሩ፣ አትጣሉ። ጥያቄው ትልቅ ነው። የወሎ ደጋ ድንጋይ ባዛልት ነው፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠራ። የላሊበላው ቀይ ድንጋይም የዚያው ወገን ሆኖ ለስላሳና ባለ ቀዳዳ ነው፤ ለስላሳ ባይሆን በመሮ ያንን ሁሉ ጥበብ ማውጣት ባልተቻለ። ያው ልስላሴው ግን ዝናብ አላስቻለውም፣ ለዚህ ነው አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ መጠለያ የተሠራው። ለቶፕ የሚሆነው ጠጣሩ ጥቁር ባዛልት ነው፣ እሱም ቀዳዳ የሌለው። ደቃቅ ቀዳዳ ካለው ሊጥና ወጥ ይገባበታል፣ ሽታ ያመጣል። ባለ ቀዳዳው ለእጅ ወፍጮ ድንጋይ ጥሩ ነው፣ ለኪችን ግን አይሆንም። ጥቅጥቅ ያለው ተሰንጥቆና ተወልውሎ ማት ሲሆን ከማንኛውም ዘመናዊ ቶፕ አያንስም። ችግሩ በትልቁ የሚሰነጥቅ ማሽንና ሳይሰነጠቅ የሚወጣ ትልቅ ብሎክ ማግኘት ነው። ለትንሽ መደርደሪያ ሞክሩት፣ እኔ በደስታ እሠራለሁ።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ የትኛው ከለር ያምራል?

መልስ፦ የቤታችሁን ብርሃን ሳላይ አልናገርም። ኪችኑ ጨለማ ከሆነ ጥቁር አታድርጉ። ቁራጩን ወስዳችሁ ጠዋትም ማታም አምፖል አብርታችሁ እዩት።

ጥያቄ (ከደሴ፣ መናፈሻ)፦ ሠራተኛው ድንጋዩን እዚሁ ግቢያችን ውስጥ በግራይንደር ልቁረጥ አለኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ በደረቁ ከሆነ አዎ፣ ትልቅ ችግር አለው፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ድንጋይ ሲቆረጥ የሚነሳው ነጭ ብናኝ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። የሚጎዳው ብናኝ በዓይን የማይታየው ነው፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ ሳንባውን ጠባሳ ያደርገዋል። ሲሊኮሲስ ይባላል፣ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ከሁሉ የከፋው ኳርትዝ ነው፣ 90 በመቶው ሲሊካ ነውና፤ ግራናይት ውስጥ በአብዛኛው ከግማሽ በታች ነው። አውስትራሊያ በወጣት ድንጋይ ቆራጮች ላይ የደረሰውን አይታ በፈረንጅ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከልክላለች። የተገጠመው ቶፕ ቤት ውስጥ አይጎዳችሁም፣ የሚጎዳው ሲቆረጥ ነው። የሚቆርጠው ደግሞ የሰው ልጅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሻሽ አፉ ላይ የጠመጠመ የ20 ዓመት ወጣት። ሻሽ ምንም አያደርግም። ልኬቱ ተወስዶ እዚያው ሱቁ፣ ውሃ በሚረጭ ማሽን ይቆረጥ። እቤት የግድ ትንሽ ማስተካከያ ካለ ውሃ እየፈሰሰበት፣ ከውጭ፣ ልጆች ገለል ብለው፣ ሠራተኛውም ትክክለኛ የብናኝ ማስክ አድርጎ። ገንዘቡን የምትከፍሉ እናንተ ስለሆናችሁ የምታዙትም እናንተ ናችሁ።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ዋጋውን አልመለስክልኝም።

መልስ፦ አንተም ልኬቱን አልነገርከኝም ወንድም ዓለም። ርዝመት፣ ውፍረት፣ የድንጋዩ ዓይነት። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ማንም የሚነግርህ ዋጋ ግምት ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ካቢኔታችን ቺፑድ ነው። ግራናይት ይሸከማል?

መልስ፦ ባለ 2 ሳንቲም ግራናይት በካሬ ወደ 54 ኪሎ ይመዝናል። 3 ሜትር ቶፕ ወደ 97 ኪሎ ማለት ነው። ካቢኔቱ በደንብ ከቆመና ውሃ ልኩ ከተስተካከለ ይሸከማል። አደጋው ክብደቱ ሳይሆን ውሃው ነው። በሲንኩ ዙሪያ ሲሊኮኑ ከተላቀቀ ቺፑዱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ካቢኔቱ ወደ አንድ ጎን ሲወርድ ድንጋዩ ሲንኩ ጋ ባለው ቀጭን ቦታ ይሰበራል። ሲንኩን ራሱን ከሥር በብረት ደግፉት፣ በሙጫ ብቻ አታንጠልጥሉት። ከደሴ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩ ጠርዙ ላይ ቆሞ፣ በእንጨት ተደግፎ፣ በገመድ ታስሮ ይጫን። ተኝቶ የተጫነ ድንጋይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ በየመታጠፊያው እየተንገጫገጨ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከተገጠመ በኋላ ነው የሚታየው።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ)፦ ጎኑ እስከ ወለል የሚወርደው ዲዛይን ከፋሽን ወጥቷል?

መልስ፦ አልወጣም። ግን ድንጋይ ይበላል፣ የድንጋዩን መስመር ማገጣጠም የሚያውቅ ሰውም ይፈልጋል። ገንዘቡ ካላችሁ አድርጉ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ፒያሳ)፦ ኪችኑን የምሠራው ለእናቴ ነው፣ አጠር ያለች ናት። ቁመቱ ስንት ይሁን?

መልስ፦ ጎበዝ፣ እናትህን አስበሃል። የተለመደው ከ85 እስከ 90 ሳንቲም ነው፣ ለእሷ ግን ይበዛ ይሆናል። ቤት ውስጥ በምታደርገው ጫማ አቁማት፣ ክንዷን በክርኗ እንድታጥፍ አድርግ፣ ከወለል እስከ ክርኗ ለካ። ከዚያ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ቀንስ። የድንጋዩን ውፍረት አትርሳ፣ ካቢኔት ሠሪው 2 ሳንቲሙን ከራሱ ልኬት ላይ ይቀንስ። ካቢኔቱ ቆሞ ሳያልቅ የድንጋይ ልኬት አታስወስድ።