ቱርቦው በ21 ቀኑ ሞተ፤ ማንን ልክሰስ?

ጥያቄ፦ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ ነኝ። ባለ 3 ሺህ ሲሲ ናፍጣ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለኝ፤ ኮድ 3 ነው። የግንባታ ዕቃ እጭንበታለሁ። ቱርቦው ማፏጨትና ዘይት መብላት ሲጀምር ገላን ያለ መካኒክ «ይቀየር» አለኝ። ሶማሌ ተራ ሄጄ «ኦሪጅናል ነው» ያሉኝን አዲስ ቱርቦ በ85 ሺህ ብር ገዛሁ። መካኒኩ ገጠመው። በ21ኛው ቀን ቃሊቲ ላይ ሰማያዊ ጭስ እየተፋ ቆመብኝ። ይኸው አራት ቀን ሆነው። ሻጩ «የገደለው መካኒክህ ነው፤ 15 ቀኑም አልፏል፤ ደረሰኙም የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል» አለኝ። መካኒኩ ደግሞ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ማንን ልክሰስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከክሱ በፊት እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሞተው ቱርቦ አሁን የት ነው ያለው?

ይህን የምለው ወድጄ አይደለም። ከዚህ ቀደም እንደ እርስዎ ያለ ጉዳይ ይዞ የመጣ ደንበኛ ነበረኝ። ደረሰኝ አለው፣ ምስክር አለው። ቱርቦውን ግን ለቆራሌው ሸጦታል። ያለ ቱርቦው ጉዳዩ «አልኩ፣ አላልክም» ብቻ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ዛሬውኑ ጋራዥ ይሂዱና ቱርቦውን፣ ወደ እሱ ዘይት የሚወስደውን ቀጭን ቱቦና የዘይት ፊልተሩን ይረከቡ። አያጥቧቸው። ፎቶ ያንሷቸው፣ በከረጢት አስረው ቤትዎ ያስቀምጡ። ሻጩ «አምጣው፣ ወስጄ ልየው» ቢልዎ እርስዎ ባሉበት ይየው እንጂ ይዞት አይሂድ።

ቱቦው ምን አገባው ይሉ ይሆናል። ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ የተተከሉ ሁለት ማራገቢያዎች ነው። አንዱን ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጭስ ያሽከረክረዋል። እሱ ሲዞር ሌላኛው ንጹሕ አየር ስቦ፣ አምቆ ወደ ሞተሩ ይሰዳል። አየር ሲጨመር ብዙ ናፍጣ ማቃጠል ይቻላል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ አየሯ በሳሳው አዲስ አበባ፣ ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ ናፍጣ ቱርቦ ቅንጦት አይደለም። ዘንጉ በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። ይህን ሁሉ የሚዞረው ብረት ብረትን ሳይነካ፣ በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ነው። ዘይቱ ለጥቂት ሴኮንድ ከተቋረጠበት አለቀለት፤ የጃፓንም ይሁን የቻይና።

የእርስዎና የሁለቱ ሰዎች ክርክርም ያለው እዚሁ ዘይት ላይ ነው። ቱርቦው ሲፈታ ዘንጉ በሙቀት ጠቁሮ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ከተገኘ ዘይት አላገኘም ማለት ነው። የአየር ማስገቢያው ማራገቢያ ቅጠሎች ጠርዛቸው ተሸራርፎ ከሆነ ከውጭ ነገር ገብቶበታል፤ ለምሳሌ ብሎን፣ ወይም ከአሮጌው ቱርቦ ተሰብሮ ቱቦ ውስጥ የቀረ ብረት። ሁለቱም ወደ መካኒኩ ይጠቁማሉ። አዲስ ቱርቦ ከመገጠሙ በፊት ዘይትና ፊልተር ይቀየራል፣ የዘይት ቱቦው ይጸዳል ወይም ይቀየራል፣ የአየር መንገዱ ይፈተሻል። በእርስዎ ሞተር ላይ ደግሞ (1 ኬዲ የሚባለው የቶዮታ ባለ 3 ሺህ ሲሲ ናፍጣ ሞተር ከሆነ) አንድ የታወቀ ችግር አለ። ናፍጣ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሥር ያለው መዝጊያ ሲያፈስ ጥላሸት ዘይቱ ውስጥ ይገባና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍነዋል። ወንፊቱ ሳይታይ ቱርቦ ብቻ ቢቀያየር ሦስተኛውም ይሞታል። በሌላ በኩል ዘይቱ ንጹሕ፣ ቱቦው ክፍት ሆኖ ዘንጉ ወይም ቅጠሉ በራሱ ከተሰበረ ጣቱ ወደ ሻጩ ይዞራል።

አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። መካኒኩ «ቱቦውም ይቀየር፣ ወንፊቱም ይታይ» ሲልዎ «ለጊዜው ይሂድ፣ ብር የለኝም» ብለውት ነበር? ብለውት ከሆነ ለጠበቃዎ አይደብቁ። መካኒኩ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ። ያለዎት ሁለት ውል ነው። ከሻጩ ጋር የሽያጭ ውል፣ ከመካኒኩ ጋር ደግሞ ሥራ ሠርቶ የማስረከብ ውል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 መሠረት ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው። ለተለመደው አገልግሎት የማይበቃ ዕቃ ጉድለት አለበት። በውሉ ለታሰበው የተለየ አገልግሎት ካልሆነም እንደዚያው። ስለዚህ ሲገዙ ምን ነበር ያሉት? «ለ3 ሺህ ሲሲ ሃይሉክስ» ብለው ሌላ ሰጥቶዎት ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው። «ይቺን የምትመስል ስጠኝ» ብለው አሮጌውን አሳይተው፣ ሁለታችሁም በዓይን ተስማምታችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ይወሳሰባል።

የ15 ቀኑ ነገር የመጣው ከንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። ሸማች ጉድለት ያለበት ዕቃ ከገዛ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ሊል ይችላል። ሻጩ ይህን ማወቁ ጥሩ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው ያወቀው። አዋጁ የፍትሐ ብሔሩን ዋስትና አይሽርም። እንዲያውም አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። በኮድ 3 መኪና እንጀራውን የሚያበስል ሰው እዚህ ውስጥ ይገባል ወይ? ያከራክራል። እኔ ብሆን ክሱን በዚህ ላይ አላቆመውም፤ በፍትሐ ብሔሩ እሄዳለሁ።

በፍትሐ ብሔሩ ዋናው ቀን የተገዛበት አይደለም። ጉድለቱን እንዳወቁ ሳይዘገዩ፣ ምን እንደሆነ ለይተው ለሻጩ ማስታወቅ አለብዎት። ካስታወቁ በኋላ ለክሱ አንድ ዓመት አለዎት። አራት ቀን ሄዷል፤ አምስተኛው ሳይመጣ ይጻፉ። በሪኮማንዴ ፖስታ ይላኩት፣ ወይም በምስክር ፊት ሰጥተው ቅጂው ላይ ያስፈርሙ። ለመካኒኩም እንዲሁ ይጻፉለት፤ በቁጥር 1772 መሠረት ውል አልተፈጸመልኝም ከማለት በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት ይቀድማል።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማኅተምስ? ሻጭና ገዢ ዋስትናውን በግልጽ ተስማምተው ሊቀንሱት ይችላሉ። ከክፍያ በኋላ ደረሰኝ ላይ የተመታ ማኅተም ግን ስምምነት ነው ብዬ አልቀበለውም። ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭማ በዚያ ሐረግ አይጠለልም።

መኪናው በመቆሙ ያጡት ገቢስ? ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ሲገዙ «ዕለታዊ ሥራዬ በዚህ ነው» ማለትዎን ካስረዱ ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል። ሆኖም ቁጥር 1802 ተጎጂው ጉዳቱን እንዲቀንስ ያስገድዳል። መኪናውን ስድስት ወር አቁመው የስድስት ወር ገቢ ክፈሉኝ ማለት አይሆንም።

ስለዚህ ሌላ ቱርቦ መግዛትዎ አይቀርም፤ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ከታገደ ወዲህ አሮጌውን መኪና ማስታመም የሁላችን ዕጣ ሆኗል። አሁን ግን በዓይን አይግዙ። ቱርቦው ላይ በተለጠፈችው ትንሽ የብረት ሳህን የተጻፈ ቁጥር አለ፤ መጀመሪያ ከመኪናው ጋር ከመጣው ቱርቦና ከሞተሩ ኮድ ጋር ይመሳከር። የ1 ኬዲ ቱርቦ ውስጡ የሚንቀሳቀሱ ቅጠሎች አሉት፣ የሚያዛቸውም ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የቱርቦው የውጭ ቅርፊት ስለገጠመ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ደረሰኙ ላይ «1 ቱርቦ» ብቻ አይጻፍ። ቁጥሩ፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ፣ የሚገጠምበት ሞተር ይጻፍ። መካኒኩም ዘይት፣ ፊልተርና ቱቦ መቀየሩን፣ ወንፊቱን ማየቱን በአንድ ወረቀት ይፈርምልዎ።

የት ነው የምከስ ካሉኝ፣ ሻጩ አዲስ አበባ፣ መካኒኩ ገላን፣ ማለትም ኦሮሚያ ሸገር ከተማ ነው። ሁለት ተከሳሽ፣ ሁለት አስተዳደር። የኦሮሚያ ፍርድ ቤት በአፋን ኦሮሞ ነው የሚሠራው። ሁለቱን በአንድ መዝገብ መክሰስ ይቻል እንደሆነና ሥልጣኑ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ ሰነዶችዎን ያየ ጠበቃ ይወስን። የማስረዳቱ ሸክም የእርስዎ ስለሆነ ከዚያ በፊት ሌላ ገለልተኛ መካኒክ ፈልጉና ሦስታችሁም ባላችሁበት ቱርቦውን ይፍታው። ብዙ ጊዜ ዘንጉ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ከሁለቱ አንዱ ድምፁ ይቀንሳል። ያኔ በሽማግሌ የሚያልቅ ከሆነ በጽሑፍ ይለቅ፤ ከረጢቱን ግን ብሩ እጅዎ እስኪገባ ለማንም አይስጡ።